ኤቲኤ ካርኔት፦ መሣሪያ ይዞ ለሚጓዝ ባለሙያ

ለንደን ሆኜ ለዘጋቢ ፊልሞች ድምፅ እቀዳለሁ። ሁለት ሻንጣ ሙሉ ማይክሮፎን፣ ሚክሰርና ገመድ አልባ ማስተላለፊያ ይዤ ከአገር አገር እዞራለሁና፣ ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት የጉምሩክ ሥርዓት ከወጣችበት ከ2021 እ.ኤ.አ. መባቻ ወዲህ ኤቲኤ ካርኔት፣ ማለትም ዕቃን ያለ ቀረጥ ለጊዜው ወደ ሌላ አገር አስገብቶ ለመመለስ የሚያስችል የጉምሩክ ሰነድ፣ ከእጄ ተለይቶ አያውቅም። ብዙ ባለሙያዎች ስለዚህ ሰነድ የሚሰሙት ድንበር ላይ ከተያዙ በኋላ ስለሆነ፣ ያየሁትን መጻፍ ተገቢ መስሎ ታይቶኛል።

ካርኔቱ አረንጓዴ ሽፋን ያለው ጥራዝ ነው። መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1961 ብራስልስ ላይ የተፈረመው ስምምነት ሲሆን፣ የ1990ው የኢስታንቡል ስምምነትም በላዩ ተጨምሮበታል። ለሥራ መሣሪያ፣ ለንግድ ናሙናና ለኤግዚቢሽን ዕቃ የሚያገለግል ሆኖ፣ ቢበዛ ለአንድ ዓመት ይጸናል። ቁም ነገሩ ግን የዋስትናው ሰንሰለት ነው። እኔ እዚህ ለንግድ ምክር ቤት ማስያዣ አቀርባለሁ፤ ምክር ቤቱም ዋና መሥሪያ ቤቱ ፓሪስ በሆነው ዓለም አቀፍ የንግድ ምክር ቤት ጥላ ሥር ለምሳሌ ከስዊዘርላንድ አቻው ጋር ስለተሳሰረ፣ ዕቃዬ በዚያው ቢቀር የጄኔቫ ጉምሩክ ቀረጡን የሚጠይቀው እዚያው ካለው ዋስ ነው። ስለዚህ አይቶኝ የማያውቅ የጉምሩክ ሠራተኛ ሰባራ ሳንቲም ሳያስከፍለኝ ያሳልፈኛል፤ ለእኔ የሰነዱ ትልቁ ዋጋ ይህ ነው።

ጄኔቫ በገባሁ ቁጥር ዕቃ የሚያስመዘግቡ መንገደኞች በሚያልፉበት በቀዩ መስመር እሄዳለሁ። ባለፈው ጉዞዬ ሠራተኛዋ ዝርዝሩን በግራ እጇ ይዛ፣ አንዱን ማስተላለፊያ ገልብጣ፣ ከሥሩ የደበዘዘውን መለያ ቁጥር በስልኳ መብራት አንድ በአንድ አነበበች። ቁጥሩ ገጠመ፤ ነጩን ቅጽ ቀድዳ አስቀረች፣ በጥራዙ ውስጥ የሚቀረውን ጉርድ ማኅተም መታችበት። ከአሥር ደቂቃ አልበለጠም። አንድ አኃዝ ቢሳሳት ኖሮ ግን ዝርዝሩ አንዴ ከወጣ በኋላ ዕቃ መጨመር ስለማይፈቀድ፣ ያ መሣሪያ ከሰነዱ ውጭ እንደሆነ ይቆጠር ነበር።

ጉድለቱንም መናገር አለብኝ። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ አየር ማረፊያ ወደ አገሬ ልመለስ ስል የጉምሩክ ቢሮው የት እንደሆነ የሚያመለክት ነገር ባለመኖሩ፣ ቢሮው ጋ ስደርስ ሻንጣዬን ለአየር መንገዱ አስረክቤ ነበር፤ ዕቃውን ሳያዩ ማኅተም አንመታም አሉኝ። ከወራት በኋላ ቀረጥ የሚጠይቅ ደብዳቤ መጣ። ያዳነኝ እንግሊዝ ስመለስ በቢጫው ጉርድ ላይ የተመታው ማኅተም ነው፤ ዕቃው ተመልሶ መግባቱን ስላስረዳልኝ ቀረጡ ቀርቶ የማስተካከያ ክፍያ ብቻ ከፈልኩ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ዋሱ ማስረጃ የሚያቀርበው በ6 ወር ውስጥ መሆኑን ያወቅኩትም ያኔ ነው።

ሰነዱ ወደ 80 በሚጠጉ አገሮችና ግዛቶች ይሠራል። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስለሚቀበሉት ለባሕረ ሰላጤው ሥራ ይመቻል፤ በአፍሪካ ደግሞ ደቡብ አፍሪካን፣ ሞሮኮንና ሴኔጋልን መጥቀስ ይቻላል። ኢትዮጵያ ግን የለችበትም፤ ይህ ከልብ ያሳዝነኛል። ወደ አዲስ አበባ ስሄድ ካርኔቱ አያገለግልምና፣ በጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 የተደነገገውን የጊዜያዊ ማስገባት ሥርዓት ተከትዬ፣ ፈቃዱንም ዋስትናውንም ለዚያ ጉዞ ብቻ አሰናዳለሁ። ሥርዓቱ የራሱ ምክንያት አለው፤ ዕቃው ሳይመለስ ቢቀር መንግሥት ቀረጡን ማጣት የለበትም። ይሁን እንጂ የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ በሆነች ከተማ፣ ለስብሰባ፣ ለኤግዚቢሽንና ለቀረጻ የሚመጣው ባለሙያ ይህን ሁሉ በየጉዞው ከዜሮ መጀመሩ ለአገሪቱም ኪሳራ ነው። ስምምነቱ የሚፈልገው ለጉምሩኩ ዋስ የሚቆም አገር አቀፍ ተቋም ነው፤ የንግድና የዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤቱ ይህን ኃላፊነት ሊሸከም ይችላል ብዬ አምናለሁ።

በዓመት አንዴ ብቻ ለምትጓዙ፣ የምክር ቤቱን ክፍያና ማስያዣውን ከምትሄዱበት አገር የጊዜያዊ ማስገባት ወጪ ጋር አስተያዩት። ደጋግማችሁ ለምትመላለሱ ግን ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ። ከመግዛታችሁ በፊት እያንዳንዱን መሣሪያ ጠረጴዛ ላይ አውጥታችሁ መለያ ቁጥሩን ከዕቃው ላይ አንብቡ እንጂ ከአሮጌ ደረሰኝ አትገልብጡ፤ ስትመለሱም ሻንጣ ከማስረከባችሁ በፊት መጀመሪያ የጉምሩኩን ቢሮ ፈልጉ።