ሐምራዊ የሚሆነው የቸርኬ ማጽጃ በባህር ዳር ፀሐይ

የፍሬን ብናኝ ተራ አቧራ አይደለም። ከዲስክና ከፍሬን ሸራ በግለት የሚፈናጠር፣ ብረት ያለበት ብናኝ ስለሆነ ቸርኬው ላይ ተጣብቆ ይዝጋል፤ ላቫጆ ውስጥ በኦሞ ቢታሽ ንቅንቅ አይልም። ብረት ሲነካ ሐምራዊ የሚሆነው ብረት አሟሚ ርጭት ግን ያነሳዋል። ቸርኬው በእጅ ሲነካ ቀዝቃዛ ይሁን። ጭቃውን አጥቦ፣ ውኃውን አራግፎ መርጨት፤ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ጠብቆ፣ ሐምራዊ ሲሆን የዳዶዎቹን ጉድጓድ ጭምር በለስላሳ ብሩሽ ማሸት፤ ከዚያ በብዙ ውኃ ማጠብ። ጠላቱ የባህር ዳር የቀትር ፀሐይ ነው፤ ከደረቀ እድፍ ይተዋል። ስለዚህ በማለዳ፣ ጥላ ሥር፣ አንድ በአንድ። ጣና ዳር ማጠብማ ነውር ነው፤ ሐይቁን እምቦጩ ይበቃዋል። የርጭቱ ሽታ የገማ እንቁላል ነው፣ ጓንት አይረሳ። አሲዳማው የቸርኬ ማጽጃ ዓይነት ቀለም ያልተቀባውን አሉሚኒየም ያበላሻል። ሬንጅ ግን ብረት አሟሚውም አያስለቅቅም።