በአዳማ የገበሬ መዝጋቢ የሚያቀርብ አገልግሎት፦ ምኑ ያዋጣል፣ ምኑ አያዋጣም

አዳማ ውስጥ የመስክ መዝጋቢ መልምለውና አሠልጥነው የሚያሰማሩ ኤጀንሲዎች አሉ። እዚህ የምንገመግመው የአንዱን አገልግሎት ነው። ደንበኞቹ በዙሪያው ወረዳዎች ያሉ መሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሲሆኑ፣ የሥራ አመራር ኮሚቴ ከመምረጣቸው በፊት የአባላት መዝገባቸውን ለማጥራት ይቀጥሩታል። ምልመላውና ሥልጠናው የሚከፈልበትን ያህል ዋጋ አለው። የክፍያ ስልቱንና የማጣራቱን ሥራ ግን ማኅበሩ ከእጁ ማውጣት የለበትም።

ማስታወቂያው ከቴሌግራም በተጨማሪ በየቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። የሚፈለገው 12ኛ ክፍል የጨረሰ፣ አፋን ኦሮሞና አማርኛ አቀላጥፎ የሚናገር፣ ቁቤ የሚጽፍ የአካባቢው ልጅ ነው። ፈተናውን ወደነዋል፤ አመልካቹ አንድ ያረጀ የዕጣ (የማኅበር ድርሻ) ደረሰኝና አንድ የቀበሌ መታወቂያ ይሰጠውና ሁለቱን አመሳክሮ ፎርም ይሞላል። ያለፈው ሰው በተወለደበት ቀበሌ አይመደብም፤ ለኮሚቴ የሚወዳደረው አጎቱ ወይም አበልጁ ሊሆን ይችላልና ጎረቤት ቀበሌ ይላካል። ይህች አንዲት ጥንቃቄ ብቻ ብዙ አቤቱታ ታስቀራለች።

ከሥልጠናው ትልቁን ቦታ የምንሰጠው ስለ ስምና ስለ ዕድሜ ለሚያስተምረው ክፍል ነው። በቁቤ የ‘ጠ’ ድምፅ በኤክስ፣ የ‘ጨ’ ደግሞ በሲ ይጻፋል። ስለዚህ ጥላሁን የተባለ አባል አንዴ በቁቤ፣ አንዴ በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ከገባ ሁለት መራጭ ይሆናል። በግዕዝ ፊደልም ቢሆን ኃይሉና ሀይሉ ለኮምፒውተር ሁለት ሰዎች ናቸው። መፍትሔው የአያት ስም፣ ስልክ ቁጥርና የዕጣ ደረሰኝ ቁጥር አብሮ መያዝ ነው፤ ስሙ ቢለያይ እንኳ የደረሰኝ ቁጥሩ ድግግሞሹን ያጋልጣል። ዕድሜ ላይ ደግሞ መዝጋቢው ፎርሙን የሚሞላበት ታብሌት የሚያሰላው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። “በ2002 ነው የተወለደው” የተባለውን ልጅ መዝጋቢው እንዳለ ከጻፈው ዕድሜው በ7 ወይም በ8 ዓመት ይጨምርና ለአባልነት ያልደረሰ ልጅ መራጭ ሆኖ ይወጣል። ፎርሙ ዓመተ ምሕረቱን ተቀብሎ ራሱ እንዲቀይር አስቀድሞ መሠራት አለበት።

ሥልጠናው በቂ ጊዜ የማይሰጠው ለሟች አባላት ነው፤ ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም። መዝገብ ላይ 600 ስም ቢኖርና መተዳደሪያ ደንቡ ለምልዓተ ጉባኤ ከግማሽ በላይ ቢጠይቅ 301 ሰው መምጣት አለበት። ከ600ዎቹ ውስጥ 90ዎቹ የሞቱ ወይም አገር የለቀቁ ከሆኑና ስማቸው በደንቡ መሠረት ከተሰረዘ 256 ሰው ይበቃል። ይህ ሳይደረግ ሲቀር ገበሬው ሥራውን ጥሎ መጥቶ “ቁጥሩ አልሞላም” ተብሎ ይመለሳል። የወራሽነት ጥያቄ ካለም መዝጋቢው እዚያው አይወስን፤ ለብቻው ጽፎ ለማኅበሩ ያቅርብ።

ሴት አባላት ደግሞ ይዘለላሉ። “አባወራው አለ?” ብሎ የሚጀምር መዝጋቢ ደጃፍ ላይ የቆመችውን አባል አልፏት ይሄዳል። ባልና ሚስት በየራሳቸው ዕጣ ከገዙ ሁለቱም ይመዘገባሉ፤ በኅብረት ሥራ ዕጣው በዛም አነሰም አንድ አባል አንድ ድምፅ ነው።

ክፍያው ላይ ከኤጀንሲው ጋር አንስማማም። ውሉ የሚያስበው በተመዘገበ ሰው ቁጥር ነው። እንዲህ ሲሆን መዝጋቢው ቤት ለቤት ከመዞር ይልቅ ዋርካ ሥር ቁጭ ብሎ የድሮውን መዝገብ ይገለብጣል። ማወቂያው ቀላል ነው፤ ፎርሙ የተሞላበትን ቦታ የሚያሳዩት የጂፒኤስ ነጥቦች አንድ ቦታ ተከምረው፣ በፎርምና በፎርም መካከል ያለው ጊዜ ሁለት ሦስት ደቂቃ ብቻ ሆኖ ይታያል። በእግሩ የሚዞር ሰው በቀን ከ15 እስከ 20 ቤት ቢያዳርስ ጥሩ ሠርቷል። ስለዚህ የቀን አበል ይከፈል፤ ከየመዝጋቢው ሥራ 10 በመቶውን ከኤጀንሲው ውጭ የሆነ ሰው ቤቱ ድረስ ሄዶ ያረጋግጥ። ዋጋ ሲነጋገሩም 15 በመቶው ቫት ተካቶ እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል።

ወቅቱን የመምረጥ ነገር ለኤጀንሲው አይተው። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው፤ ቤት የሚገኝ ሰው የለም። የካቲትና መጋቢት ይሻላሉ፤ በአዋሽ መስኖ ሽንኩርት የሚያለሙት ግን ያኔም ማሳ ላይ ናቸውና በጠዋት ወይም ሲመሽ ይፈለጉ። በአል አክባሪ በሆነው መንደር በ12፣ በ21 እና በ27 በሬ ስለማይጠመድ ገበሬው ቤቱ ይገኛል።

ውሉ ላይ አንድ አንቀጽ ይጨመር፦ ረቂቅ መዝገቡ ቀበሌ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ አቤቱታ እስኪሰማ ድረስ መዝጋቢዎቹ አይሰናበቱም፣ የመጨረሻው ክፍያም አይለቀቅም።