ጂግሶ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ይቺን አንብቡ

እኔ በፎርጅድ ጂግሶ (እንጨት በጥምዝ በሚቆርጥ የኤሌክትሪክ መጋዝ) ተበልቻለሁ። እናንተ እንዳትበሉ ነው የምጽፈው።

ለዓመታት በርካሽ ጂግሶ ስታገል ኖሬ፣ ደህና ሥራ ሲመጣልኝ «አሁንስ ኦርጅናል ይገባኛል» ብዬ መርካቶ ገባሁ። የታወቀ የጀርመን ስም ያለበትን ማሽን አንዱ ሱቅ 34 ሺህ ብር አለኝ። አለፍ ብሎ ያለው ልጅ ደግሞ 21 ሺህ። «ጋሼ፣ በሻንጣ የገባ ስለሆነ ነው» አለኝ። የ13 ሺህ ብሩ ልዩነት ዓይኔን ጋረደኝ። ደረሰኝ ስለው በእጅ የተጻፈች ብጣሽ ወረቀት ሰጠኝ፤ እኔም ዝም ብዬ ኪሴ ከተትኳት። (የፋብሪካውን ስም አልጠራም፤ የተሰረቀው የእነሱም ስም ነው።)

የመጀመሪያ ሥራው 4 ሴንቲ ውፍረት ያለው ክብ የዋንዛ ጠረጴዛ ነበር። ከላይ የእርሳሱን መስመር ጠብቆ ሄደ። ገልብጬ ሳየው ምላጩ ከታች ወደ ውስጥ ሸሽቷል። ስኳድራ (የቀጤ ማዕዘን መለኪያ) ስይዝበት የሸሸው 6 ሚሊ! ዋንዛው የደንበኛ ነው።

እውነት ለመናገር፣ ወፍራም እንጨት ላይ ኦርጅናሉም ይሸሻል፤ በተለይ ቀጭን ምላጭ አስገብታችሁ ማወዛወዣውን (ምላጩን ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚያስወዛውዘውን መቆጣጠሪያ) 3 ላይ ካደረጋችሁት። ስለዚህ ወዲያው ሰው አልወነጀልኩም። ወፈር ያለውን ቲ 144 ዲፒ ምላጭ ከጎረቤት ተውሼ፣ ማወዛወዣውን 0 ላይ አድርጌ ደገምኩት። ያው ነው።

ከዚያ ፈታሁት። ፋኑን በእጄ እያዞርኩ ምላጩ ከላይ እስከ ታች የሚሄደውን ለካሁ፤ 18 ሚሊ። ሳጥኑ 26 ይላል። ከኦርጅናሎቹ ጂግሶዎች ቦሽ ጂኤስቲ 150 ቢሲኢም ሆነ ማኪታ 4350ኤፍሲቲ 26 ሚሊ ነው የሚመቱት። ማወዛወዣው ከ0 እስከ 3 ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ምላጩ ግን ወደ ፊት ንቅንቅ አይልም፤ ለጌጥ የተቀመጠ ነው። ምላጩን ከኋላ የሚደግፈው ሮለር በጣት ሲነካ ግራና ቀኝ ይወላገዳል። ኩሽኔታ መኖር ባለበት ቦታ ተራ ቀለበት ገብቷል።

ይዤው ስመለስ ልጁ «ካርቦኑን (የሞተሩን ብሩሽ) ያስቀይሩት» አለኝ። ብሬን ስለው «የተሸጠ አይመለስም»። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ የኔ ብጣሽ ግን የሱቁ ስም እንኳ የላትም። በምን ልከራከር?

አሜሪካ ባለ ዘመድ ለምታስመጡም አንድ ነገር፦ የእነሱ ማሽን 120 ቮልት ነው፣ የኛ መስመር 220። ቀጥታ ከሰካችሁት ሞተሩ ይቃጠላል። 500 ዋት ትራንስፎርመር ደግሞ 780 ዋት ጂግሶ አይሸከምም። በባትሪ የሚሠራ ከሆነ ቻርጀሩ ላይ የተጻፈውን ቮልት እዩ።

ሌላ ጂግሶ ልገዛ ሁለተኛ መርካቶ ስሄድ የዋንዛ ቁራጭና ስኳድራ በፌስታል ይዤ ነበር። ሁለት ሱቆች «አዲስ ዕቃ አይሞከርም» ብለው መለሱኝ። ሦስተኛው ሶኬቱን አሳይቶኝ «ቁረጡበት» አለኝ። ቆርጬ ስኳድራውን ስይዝበት በመሃል ብርሃን አላሳለፈም። 33 ሺህ ከፈልኩ፣ ደረሰኙ ከማሽን ወጣ።