በአቃቂ መንገድ ዳር ያለ የኢንጀክተር እጥበት ቤት፦ ለአሮጌ ቪትዝ የሰጠው አገልግሎት

ከቃሊቲ ወደ አቃቂ በሚወስደው በአሮጌው የደብረ ዘይት መንገድ ዳር፣ የቤንዚን መኪና ኢንጀክተር (ቤንዚን ወደ ሞተሩ የሚረጨውን ዕቃ) እያወጣ የሚለካና የሚያጥብ አነስተኛ ጋራዥ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2005 በተመረተው የመጀመሪያው ትውልድ የምትመደበውን ቶዮታ ቪትዜን እዚያ አሠርቼ ያየሁት ነገር ለሌሎች የአሮጌ መኪና ባለቤቶች ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ወደ አገር እንዳይገቡ በመከልከላቸው፣ በእጃችን ያሉትን በአግባቡ ጠብቆ ማቆየት ከበፊቱ ይልቅ አስፈላጊ ሆኗል።

መኪናዋ ጠዋት ስትነሣ ሚኒሞዋ (ቆማ ስትሠራ ያለው የሞተሩ ዙር) ይዋዥቅ ነበር፤ ከአቃቂ ወደ ሳሪስ ስትወጣም ጉልበት ታጣለች። ካንዴላዎቹ ተቀይረው፣ የአየር ፊልትሮው ጸድቶ፣ ታንከር ውስጥ የሚጨመር ማጽጃም ተሞክሮ ለውጥ አልመጣም።

ይህን ቤት ከሌሎቹ የምለይበት ዋናው ምክንያት ከማጠቡ በፊት መለካቱ ነው። በብዙ ቦታ ኢንጀክተር ማጠብ ማለት ኢንጀክተሩን ከሞተሩ ሳያወጡ፣ ሞተሩን ከቤንዚን ይልቅ በማጽጃ ፈሳሽ ለጥቂት ጊዜ ማሠራት ማለት ነው። ይህ ቀላል ቆሻሻን ሊያጥብ ይችላል፤ ነገር ግን ከአራቱ ኢንጀክተሮች የትኛው እንደታመመ፣ ከታጠበም በኋላ መዳኑን አይነግርም። ጉዳዩ ደግሞ በመለየት ላይ የተመሠረተ ነው። የሞተሩ ኮምፒዩተር በጭስ ማውጫው ላይ ካለው የኦክስጅን ሴንሰር መረጃ የሚቀበለው የአራቱ ሲሊንደሮች ጭስ ከተደባለቀ በኋላ ስለሆነ፣ አንዱ ኢንጀክተር ጠቦ ቤንዚን ቢያሳንስ ጉድለቱ የማን እንደሆነ ሊያውቅ አይችልም፤ ስለዚህ ለአራቱም ይጨምራል፤ በዚህም አንዱ ሲሊንደር እንደጎደለበት ሲቀር ሦስቱ ከሚያስፈልጋቸው በላይ ይጠጣሉ። ሞተሩ በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ኢንጀክተር በሰከንድ 25 ጊዜ እንደሚከፈት ሲታሰብ፣ በእያንዳንዱ መከፈት የሚፈጠረው ትንሽ ልዩነት ተደምሮ ምን ያህል እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

ሥራው የተጀመረው በጥንቃቄ ነው። የነዳጅ ፓምፑን ፊውዝ ነቅለው ሞተሩ በራሱ እስኪጠፋ ድረስ በማሠራት በመስመሩ ውስጥ ያለውን ግፊት አበረዱ፤ ከዚያም የባትሪውን ነጌቲቭ ፈትተው አራቱንም ኢንጀክተሮች አወጡ። በቅድሚያ በየአንዳንዱ ውስጥ ያለውን ጥቅል ሽቦ የኤሌክትሪክ መቋቋም ለኩ፤ በዚህ ዓይነት ኢንጀክተር ከ12 እስከ 16 ኦም የሚጠበቅ ሲሆን አራቱም በዚያ ውስጥ ነበሩ። ቀጥሎ በመለኪያ ማሽኑ ላይ ተሰክተው በእኩል ግፊትና በእኩል ጊዜ ወደ መስታወት ቱቦዎች ሲረጩ፣ አንዱ ከሌሎቹ በአንድ አምስተኛ ያህል አንሶ ታየ። ወጣቱን መካኒክ ግን ይበልጥ ያሳሰበው ሌላው ነበር፦ «ጋሼ፣ አራተኛዋን ይዩልኝ፤ ዝግ ሆናም እየተንጠባጠበች ነው።» ሌሊቱን ወደ ሲሊንደሩ የሚወርደው ያ ጠብታ ነው ጠዋት ሞተሩን ሲያስቸግር የነበረው።

ቆሻሻው የሚጠራቀመው በአብዛኛው መኪናው ከቆመ በኋላ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ሙቀቱ ወደ ኢንጀክተሩ ጫፍ ይደርሳል፤ የሚያቀዘቅዝ ቤንዚን ስለማያልፍ በጫፉ ላይ የቀረው ተንኖ ሙጫ መሰል ቅሪት ይተዋል። አጭር መንገድ ሄዶ መቆም፣ እንደገና ተነሥቶ መቆም የሚበዛባቸው እንደኛ ያሉ የዳር ሰፈር መኪኖች በዚህ ይጎዳሉ።

እጥበቱ በአልትራሳውንድ መታጠቢያ ውስጥ፣ ኢንጀክተሮቹ በኤሌክትሪክ ምት እየተከፈቱና እየተዘጉ የሚከናወን ነው፤ ቤንዚኑን የሚከፍተውና የሚዘጋው መርፌ ካልተንቀሳቀሰ ውስጡ በደንብ አይጸዳም። በእያንዳንዱ ኢንጀክተር አናት ላይ ያሉት ጥቃቅን ወንፊቶችም ወጥተው በአዲስ ተተክተዋል። በድጋሚ ሲለኩ ያነሰው ኢንጀክተር ከሌሎቹ ጋር ተካክሏል። የሚንጠባጠበው ግን ከሁለተኛ እጥበት በኋላም አልተሻለም፤ እነርሱም መልሰው ገጥመው ገንዘብ ከመቀበል ይልቅ መለወጥ እንዳለበት በግልጽ ነገሩኝ። ከሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ገበያ በአካሉ ላይ የታተመው ቁጥር ተመሳሳይ የሆነ ያገለገለ ኢንጀክተር ገዝቼ ስመጣ፣ ከመግጠማቸው በፊት እርሱንም ለክተው ከሦስቱ ጋር አመሳክረውታል። ለእኔ የዚህ ቤት ትልቁ ዋጋ ይህ ታማኝነት ነው። አሁን ሚኒሞው ረግቷል፤ የሳሪሱን ዳገትም ያለ ጭንቀት እንወጣለን።

የምነቅፈው ነገርም አለ። ካልጠየቋቸው በስተቀር አሮጌዎቹን የጎማ ቀለበቶች መልሰው ይገጥማሉ። ይህ በፍጹም ሊታለፍ አይገባም፤ በሙቀት የደረቀ ቀለበት በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን ያፈስሳል፤ ያም እሳት ማለት ነው። ስለዚህ አዲስ ቀለበት እንዲገባ አስቀድመው ይነጋገሩ፤ ሥራው ሲያልቅም ፓምፑ ግፊት ከሰጠ በኋላ በየመጋጠሚያው እርጥበት ወይም የቤንዚን ሽታ መኖር አለመኖሩን ከእነርሱ ጋር ይመልከቱ። በቪትዝ ታንከር ውስጥ ከፓምፑ ጋር ያለውን ፊልትሮም በራሳቸው አነሳሽነት አይመረምሩም። ነዳጅ ሲጠፋ በመንገድ ዳር በጄሪካንና በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን የቀዳ ሰው ይህን ፊልትሮ ሳያይ ኢንጀክተር ቢያሳጥብ ገንዘቡን ያባክናል።

ክፍያው በኢንጀክተር ብዛት ሲሆን ወንፊትና ቀለበት ለብቻው ይታሰባል፤ ሳይወጣ ከሚታጠበው ይወደዳል፤ እኔ ግን አላስቆጨኝም። ጠዋት በጊዜ መድረስ ይሻላል፤ ማሽኑ አንድ ብቻ ስለሆነ ረፋድ ላይ የሚመጣ ሰው እስከ ማታ ሊጠብቅ ይችላል። የናፍጣ ኖዝልና ቤንዚኑን በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ የሚረጩትን የአዳዲስ ሞተሮች ኢንጀክተር አይሠሩም፤ እነዚህ እጅግ ከፍ ያለ ግፊት ያለው ማሽን ስለሚፈልጉ ባለቤቶቻቸው ሌላ ቤት መፈለግ አለባቸው።