ሾክ በቤት መቀየር፦ የሞላ መጭመቂያ ይገዛ ወይስ ተገጣጥሞ የመጣ ሾክ?

የፊት ሾክ አብዞርበር ራሱ ሊቀይር ያሰበ ሰው ገበያ ላይ ሁለት ምርጫ አለው። አንዱ ባዶ ሾክ ገዝቶ የድሮውን ሞላ በባለሁለት ዘንግ መጭመቂያ ማዛወር ነው። ሌላው ሞላው፣ ማውንቲንጉ (ሾኩ ከላይ ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰርበት መቀመጫ)፣ ኩሽኔታውና የአቧራ ጎማው ፋብሪካ ውስጥ ተገጥሞለት የመጣ ሙሉ ሾክ ነው፤ ሞንሮ ክዊክ ስትራት፣ ኬዋይቢ ደግሞ ስትራት ፕላስ ብለው ይሸጡታል። ሥራው በቤት ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለውን የሚወስነው ይህ ምርጫ ነው። ሙሉ ሾክ ከሆነ ብሎን በሥርዓት መፍታትና ማሰር የሚችል ሰው ይወጣዋል። ሞላ መጨመቅ ካለበት ግን ለጀማሪ አንመክርም።

መጭመቂያው ሁለት ባለጥርስ ዘንጎችና ሞላውን የሚነክሱ መንጠቆዎች ናቸው። ሲያዩት ተራ ዕቃ ይመስላል፤ የሚይዘው ጉልበት ግን ተራ አይደለም። ለአንድ ሚሊሜትር 25 ኒውተን የሚፈልግ ሞላ 200 ሚሊሜትር ሲጨመቅ 5,000 ኒውተን ይገፋል፤ ግማሽ ቶን ግድም ነው። የታመቀው ኃይል 500 ጁል ይሆናል፤ 50 ኪሎ ሲሚንቶ ከአንድ ሜትር ከፍታ ሲወድቅ ያለው ጉልበት ማለት ነው፤ ያውም በሠራተኛው ሁለት እጆች መካከል።

ብዙ ጊዜ ችግር የሚፈጠረው ከመንጠቆው ነው። የሞላው ሽቦ ተዳፋት ስለሆነ፣ መንጠቆው ሲጠብቅ በሽቦው ላይ እየተንሸራተተ ዞሮ ይሄዳል፤ ሞላው አዲስ ቀለም ወይም የፕላስቲክ ልባስ ካለው ይብሳል። ሁለቱ መንጠቆዎች ወደ አንድ ወገን ሲቀራረቡ ሞላው በሌላው በኩል ይጎብጣል። ያን ጊዜ በመዶሻ መታ መታ አድርጎ ለማስተካከል መሞከር የለየለት አደጋ ነው፤ ቀስ በቀስ አላልቶ እንደገና መያዝ ያስፈልጋል። ሌላው ችግር የዘንጉ ጥርስ ነው። ግሪስ ሳይቀባ በአየር መፍቻ ከተነዳ ግሎ ይላጣል፤ ሞላው እንደታመቀ ወደፊትም ወደኋላም አልል ይላል። የግድ መጠቀም ካለብዎት መንጠቆዎቹን ትክክል በተቃራኒ ያድርጓቸው፣ በተቻለ መጠን ብዙ ጥቅል ያስይዙ፣ የመንጠቆውን መቆለፊያ ፒን አይርሱ፣ በእጅ መፍቻ በየተራ ሁለት ሁለት ዙር ያጥብቁ። ሞላው ከላይኛው መቀመጫው መላቀቅ ሲጀምር ይበቃል።

ለመኪናዎ ሙሉ ሾክ ካልተገኘ መሃል መንገድ አለ። ሾኩን ራስዎ ፈተው፣ ሞላውን ለማዛወር ብቻ ከነአዲሱ ሾክ ግድግዳ ላይ የተገጠመ ወይም በእግሩ የሚቆም የሞላ መጭመቂያ ማሽን ወዳለው ጋራዥ ይውሰዱት። ከሥራው አደገኛውን ክፍል ለባለማሽኑ መተው ነው።

ሙሉ ሾክም እንከን የለሽ አይደለም። አንድ የዕቃ ቁጥር ለተለያዩ የሞተር መጠኖች እንዲሆን ተደርጎ ሊሠራ ስለሚችል፣ መኪናው ከድሮው ትንሽ ከፍ ወይም ጠንከር ሊል ይችላል። ስለዚህ ግራና ቀኙ በአንድ ጊዜ፣ ከአንድ አምራች መቀየር አለባቸው። ከመግጠምዎ በፊት አዲሱን ከአሮጌው ጎን ያቁሙና ያስተያዩ፦ የላይኞቹ ብሎኖች ርቀት፣ የፍሬን ቱቦ ማሰሪያው፣ የስታብላይዘር ሊንኩ (ሾኩን መኪናው እንዳያጋድል ከሚይዘው ዘንግ ጋር የሚያገናኘው አጭር ብረት) ጆሮ የት እንዳለ፣ የግራና የቀኝ ምልክቱ። የላይኞቹ ብሎኖች ከቀዳዳው ጋር ካልገጠሙ ማውንቲንጉ በኩሽኔታ ላይ ስለሚዞር በእጅ ይስተካከላል፤ ለዚህ ብሎ የመሃሉን ዳዶ መፍታት የለም።

ይህ የመሃል ዳዶ ተለይቶ መታወቅ አለበት። ኮፈኑ ሲከፈት የሾኩ ጫፍ ላይ ብዙውን ጊዜ ሦስት ትናንሽ ዳዶዎች ዙሪያውን፣ አንድ ትልቅ ደግሞ መሃል ላይ ይታያሉ። ሾኩን ከመኪናው የሚያወርዱት ትናንሾቹ ናቸው። መሃል ያለው ሞላውን አምቆ የያዘ ስለሆነ፣ ሞላው ሳይጨመቅ ከተፈታ ሰው ይጎዳል።

ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ጥፋተኛው በእርግጥ ሾኩ መሆኑም ይጣራ። ጉድጓድ ላይ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ብዙ ጊዜ የስታብላይዘር ሊንክ ወይም የኮንትሮል አርም (ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው ክንድ) ጎሚኒ ነው። ዘይት የሚያንጠባጥብ ሾክ አልቋል፤ ዘንጉ አካባቢ ቀጭን የዘይት ወዝ ብቻ ማየት ግን ለመቀየር አያበቃም።

አፈታቱ ላይ፦ ሜዳው ደልዳላ ይሁን፣ መኪናው በክሪክ ብቻ ሳይሆን በብረት መደገፊያ ይቁም። ሁለቱም የፊት ጎማዎች አንድ ላይ ከፍ ይበሉ፤ አንዱ ብቻ ከተነሳ ስታብላይዘሩ ተወጥሮ ሊንኩ አልወጣ ይላል። የፍሬን ቱቦውንና የኤቢኤሱን ሽቦ ከሾኩ ያላቅቁ። ከታች ያሉትን ሁለት ትልልቅ ብሎኖች ከመንካትዎ በፊት የቆሙበትን ቦታ በቀለም ምልክት ያድርጉ፤ ብዙ መኪኖች ላይ ካምበር (የጎማው አናት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበሉ) የሚስተካከለው በእነሱ ነው። ብሎኖቹ እንደወጡ ጎማውን የሚሸከመው ብረት ወደ ውጭ ይወድቃል፤ በሽቦ ካልታሰረ የፍሬን ቱቦውን ይጎትታል፣ የአክሱንም መገጣጠሚያ ከውስጥ ሊያላቅቅ ይችላል። ከላይ የመጨረሻው ዳዶ የሚፈታው ሾኩን ከታች የሚይዝ ሰው ሲኖር ነው።

ሲገጠም መጀመሪያ የላይኞቹ ዳዶዎች በእጅ ይያዙ፣ ከዚያ የታችኞቹ ብሎኖች ይግቡ፤ ማጥበቁ በአምራቹ መጽሐፍ ልክ፣ በቶርክ ሬንች ይሁን። ራሳቸውን የሚቆልፉ ዳዶዎች በአዲስ ይተኩ። የኮንትሮል አርሙ ብሎን ተፈትቶ ከነበረ፣ የሚጠብቀው መኪናው በራሱ ክብደት ሲቀመጥ ብቻ ነው፤ እግሩ ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቀ ጎሚኒው እንደተጠማዘዘ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል።

ምልክቱ በትክክል ቢመለስም አላይመንት አይቀርም። ለባለሙያው የታችኞቹ ብሎኖች ተፈትተው እንደነበር ይንገሩት፤ ካምበር ሲነካ ቶ የሚባለውም (የጎማዎቹ ፊት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞሩ) አብሮ ስለሚለወጥ ቀድሞ መለካት ያለበት ካምበሩ ነው።