«ቦታ ተይዞላችኋል» ሲሏችሁ ገንዘብ አትክፈሉ

እነዚህን ትንንሽ የክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ታውቋቸዋላችሁ። ግድግዳው ላይ ጥቅስ፣ በር ላይ እቅፍ፣ «እንደ ቤተሰብ ነን፣ ክፍሉ ጥቂት ልጅ ነው ያለው»። ከዚያ የማመልከቻ ክፍያ፣ የፓስተር ደብዳቤ፣ የልጁ ፈተና፣ የእምነት መግለጫው ላይ ፊርማ። እዚህ ድረስ ክፋት የለበትም። ጉዱ ከቅበላ ደብዳቤው ጋር የሚመጣው ውል ነው።

ቦታ ማስያዣው የሚከፈልበት የመጨረሻ ቀን የክፍያ ቅናሹ ውሳኔ ከመታወቁ በፊት ያልቃል። ቅናሽ የጠየቀ ወላጅ «እንጸልይበታለን፣ እናንተ ግን ቦታው እንዳያመልጣችሁ» ይባላል። ይከፍላል፣ ይፈርማል። ትምህርት ሊጀመር ሲል ይደወልለታል፦ ቅናሹ ከተጠየቀው በታች ነው፤ ተማሪ ስላልሞላም 2ኛና 3ኛ ክፍል በአንድ መምህርት አብረው ይማራሉ። (ክፍል ማጣመር በራሱ ነውር አይደለም፣ የምትችልበት መምህርት ካለች። ነውሩ ማስያዣው እስኪከፈል መደበቁ ነው።)

ወላጁ ገንዘቡን ሊያስመልስ ይሄዳል። ያቺ በስሙ ጠርታ የተቀበለችው ሬጅስትራር ዛሬ ቀና እንኳ አትልም። ውሉን ጎትታ አንዷን መስመር በእስክሪብቶ ትነካለታለች፦ ከተቆረጠው ቀን በኋላ ልጁን የሚያስወጣ የዓመቱን ሙሉ ክፍያ ይከፍላል። ቀጣዩ መስመር ደግሞ የክፍል አደረጃጀት መቀየር የትምህርት ቤቱ መብት መሆኑን ይናገራል። «አንብበው ነው የፈረሙት፣ አይደል?» ርእሰ መምህሩ ወደ ቦርድ ይመራዋል፤ ቦርዱ የቤተ ክርስቲያኒቱ ሽማግሌዎች ናቸው። እከሳለሁ ካለ 1ኛ ቆሮንቶስ 6 ይነበብለታል፦ ወንድም ወንድሙን አይከስም። እዚያው ምዕራፍ ቁጥር 8 ላይ ወንድሞቻቸውን የሚያታልሉ መገሠጻቸውን ግን የሚያነብለት የለም! ቀሪውን አልከፍልም ካለም ትራንስክሪፕቱን ይይዙበታል፤ ልጁን ሌላ ትምህርት ቤት ለማስገባት ሲሞክር ያኔ ያውቀዋል።

ለምን እንዲህ ያደርጋሉ? የመምህራኑን ደሞዝ የሚያሰሉት በተፈረመው ውል ብዛት ነው። ትንሽ ትምህርት ቤት ሦስት ልጅ ቢወጣበት ይናጋል፤ ስለዚህ ስጋቱን ወላጅ ላይ ይጭኑታል።

የማመልከቻ ክፍያ ሳትከፍሉ ባዶውን ውል ጠይቁ፤ አናሳይም ካሉ ተዉት። ቅናሹ ካነሰ ወይም ክፍል ከተጣመረ ማስያዣው እንደሚመለስ በጽሑፍ አስፈርሙ። የአምናውን የተማሪ ብዛትም በየክፍሉ ጠይቁ፣ የዘንድሮውን ተስፋ ሳይሆን።