ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ለጌም የቱ ይገዛ፦ ዴስክቶፕ፣ ላፕቶፕ ወይስ ፕሌይስቴሽን 4?

ትልልቆቹ የጌም ኩባንያዎች ዕቃቸውን የሚሠሩለት አንድ ሰው አለ። ቤቱ መብራት አይጠፋም። ኢንተርኔቱ በጊጋ አይቆጠርም። ዶላር አያጣም። ይህ ሰው ደሴ ሸዋ በር አይኖርም፤ ኮምቦልቻም የለም። ዩቲዩብ ላይ «የዓመቱ ምርጥ» የተባለውን ዝርዝር ይዞ ገበያ የሚወጣ የእኛ ሰፈር ልጅ በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ልብስ ነው የሚገዛው።

እኔ ለዓመታት ፒሲ ላይ የተጫወትኩ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ አዳላለሁ። ቢሆንም ሦስቱን የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው። ኔትወርክ በሌለበት፣ መብራት እየመጣ በሚሄድበት ሳምንት የቱ ያጫውታል? የምስል ጥራት ከዚያ በኋላ ነው።

ዋጋ በብር አልጠራም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዛሬ የተጻፈ ዋጋ ለከርሞ ያስቃል። ቅደም ተከተሉ ግን ይታወቃል። ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 እና ግራፊክስ ካርድ (የጌሙን ምስል የሚሠራው ክፍል) የተጨመረበት ያገለገለ ዴስክቶፕ ይቀራረባሉ። የጌም ላፕቶፕ ሁለቱንም ጥሎ ይሄዳል።

ዴስክቶፕ

የእኔ ምርጫ ይሄ ነው። አዲስ ሳይሆን ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር። ዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይም ኤችፒ ኤሊትዴስክ፣ ኮር አይ 5፣ 16 ጊጋ ራም፣ ኤስኤስዲ (ፈጣኑ ማከማቻ)፣ ከዚያ አንድ ግራፊክስ ካርድ። ማሽኖቹ ቢሮ ውስጥ ዓመታት ሠርተው የወጡ ናቸው፤ ቶሎ አይወድቁም። ቢበላሹም ክፍላቸው ተፈትቶ ይቀየራል። ላፕቶፕ ላይ ይህ እምብዛም የለም።

ሲገዛ መጀመሪያ ሣጥኑ ይታይ። ቀጭኑ ሣጥን ሙሉ ቁመት ያለው ካርድ አያስገባም፤ ታወሩን (ትልቁን ቋሚ ሣጥን) ውሰዱ። ቀጥሎ ፓወር ሰፕላዩ (ለማሽኑ ኃይል የሚያከፋፍለው ክፍል)። የኦፕቲፕሌክስ 9020 ታወር ፓወር ሰፕላይ 290 ዋት ነው። ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካው ገመድ ደግሞ የዴል የራሱ ስለሆነ ከገበያ ሌላ ገዝቶ እንዲሁ መሰካት አይቻልም። ስለዚህ ከማዘርቦርዱ ብቻ ኃይል የሚወስድ 75 ዋት ካርድ ይሻላል። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ወይም ጂቲኤክስ 1650 ማለት ነው። ከ1650 ውስጥ ተጨማሪ ገመድ የሚፈልጉ ሞዴሎችም ስላሉ ካርዱን ገልብጣችሁ እዩት። አርኤክስ 580 ይበልጥ ጉልበተኛ ነው፤ ግን ለብቻው እስከ 185 ዋት ይበላል። ለቢሮ ማሽን አይሆንም።

አሁን ወደ ማጭበርበሩ። እ.ኤ.አ. መስከረም 2022 ኢቴሪየም የተባለው ክሪፕቶ (ዲጂታል ገንዘብ) በግራፊክስ ካርድ መቆፈሩን፣ ማለትም በካርዱ ስሌት መመረቱን፣ አቆመ። በዚያን ጊዜ ቀን ከሌት ሲሠሩ የከረሙ ካርዶች በገፍ ለገበያ ወጡ። የተቆፈረበት ካርድ ሁሉ መጥፎ ነው አልልም፤ ማራገቢያውና ማቀዝቀዣ ቅባቱ ከተቀየረ ብዙ ጊዜ ይሠራል። የከፋው ሌላ ነው። ያረጀ ካርድ ሶፍትዌሩ ተቀይሮ «1050 ቲአይ ነኝ» እንዲል ይደረጋል። ዊንዶውስም ያምናል። ጂፒዩ-ዚ የተባለው ትንሽ ነፃ ፕሮግራም ግን አያምንም፤ ብዙውን ጊዜ ሐሰተኛ መሆኑን ስሙ ላይ ይጽፍበታል። አርኤክስ 580 ከሆነ ሼደር የሚለውን ቁጥር እዩ። እውነተኛው 2304 ነው። 2048 ካለ እ.ኤ.አ. በ2018 ለቻይና ገበያ የወጣው ደካማው ነው፤ ዋጋውም መውረድ አለበት።

አንዳንድ አሮጌ ፓወር ሰፕላይ ከኋላው 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ አለው። 115 ላይ ሆኖ በእኛ 220 ቮልት ከተሰካ ይፈነዳል። ከመሰካታችሁ በፊት እዩት።

ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆይ ባትሪ) ደግሞ ትርፍ ዕቃ አይደለም፤ የኮምፒውተሩ ዋጋ አካል አድርጋችሁ ቁጠሩት። 650 ቪኤው ትንሹም ቢሆን ጌሙን ሴቭ አድርጎ ለማጥፋት የሚበቃ ደቂቃ ይሰጣል።

የዚህ ማሽን ጉድለት ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ የወጣው ኢንዲያና ጆንስ እና በ2025 የወጣው ዱም ዘ ዳርክ ኤጅስ ሬይ ትሬሲንግ (ብርሃንና ጥላን እንደ እውነቱ አስልቶ የማሳየት ዘዴ) የሚችል ካርድ ይፈልጋሉ። 1650 አይችልም። ምንም ቢቀነስ አይከፈቱም። እኔን ብትጠይቁኝ አይቆጨኝም። እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ የትልልቆቹ ጌሞች ዋጋ ከ60 ወደ 70 ዶላር ወጥቷል፤ ብዙዎቹ ግን ጥሬ ሆነው ነው የሚወጡት። የመጀመሪያዎቹ ገዢዎች ፈታኝ ሆነው ያገለግላሉ፣ ያውም ከፍለው። ማስተካከያው በአሥር ጊጋዎች ሲለቀቅ ለፈረንጁ ምንም አይደለም፤ ለእኛ ግን የወር ፓኬጅ ነው። ሦስት አራት ዓመት ዘግይቶ የሚጫወት ሰው ጌሙን ተስተካክሎ፣ ዋጋው ወርዶ ያገኘዋል። ዊቸር 3 እና የፒሲው ጂቲኤ 5 እ.ኤ.አ. የ2015 ናቸው። ሁለቱም 1650 ላይ ፏ ብለው ይሠራሉ። እነሱን ሳይጨርስ ስለ ሬይ ትሬሲንግ የሚጨነቅ ሰው አይገባኝም።

ላፕቶፕ

ወሎ ዩኒቨርሲቲ ወይም ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ለምትማሩ፣ ዶርም ለምትኖሩ፣ ትምህርቱንም ጌሙንም በአንድ ዕቃ ለምትፈልጉ ላፕቶፕ ግድ ሊሆን ይችላል። መብራት ሲጠፋ ድንገት አይዘጋም፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን በባትሪ ብቻ ጌም ሲጫወቱበት ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ባትሪውም ከአንድ ሰዓት ብዙም አይዘልም።

ስሙ እንዳያታልላችሁ። የላፕቶፕ አርቲኤክስ 3050 እንደ አምራቹ ምርጫ ከ35 ዋት እስከ 80 ዋት ይሰጠዋል። ስም አንድ፣ ጉልበት ሁለት። ቀጭንና የሚያምረው ብዙ ጊዜ የ35ቱ ነው።

ሙቀት ሌላው ነው። ደሴ ከፍታውና ብርዱ ያግዛል፤ ጦሳ ተራራ ሥር ያለ ላፕቶፕ ቶሎ አይሞቅም። ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ ያው ላፕቶፕ ከቀትር በኋላ ይሞቅና ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ጌሙም ይንቀራፈፋል። ኮምቦልቻ ከሆናችሁ ወፈር ያለውን፣ ሁለት ማራገቢያ ያለውን ምረጡ። አቧራውንም በየጊዜው አስነፉት።

«2 ጊጋ ግራፊክስ አለው» ተብሎ የሚሸጠው የቢሮ ላፕቶፕስ? ያ 2 ጊጋ ብዙ ጊዜ ከራሙ ላይ የተዋሰው ነው። ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ እና የኳሱን ጌም ፔስ 2013 ያጫውታል። ለነሱ ከሆነ ደስ ይበላችሁ፤ የጌም ላፕቶፕ ዋጋ ግን አትክፈሉበት።

ፕሌይስቴሽን 4

ኳስ ብቻ ከሆነ የምትጫወቱት ክርክሩን እዚህ አቁሙ። ፕሌይስቴሽን ግዙ። ሁለት ጆይስቲክ፣ አንድ ዲስክ፣ አራት ጓደኛ፣ የተሸነፈ ይነሣል። በዲስክ የሚጫወት ጌም ብዙ ጊዜ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ፒሲ ላይ ግን የኳስ ጌም ነገር ጎደሎ ነው። የፔስ አምራች ኮናሚ ከፔስ 2021 በኋላ ወደ ኢፉትቦል ዞረ፤ ነፃ ነው፣ ግን ኔትወርክ ይለምናል። ለነገሩ ፔስ 2017 ፒሲ ላይ አሁንም አድናቂዎች በሚሠሩት ፓች (ማሻሻያ ፋይል) አዳዲስ ተጫዋቾች ይጨመሩበታል፤ በፍላሽ ይዞራል። እኔ ከአዲሶቹ ይልቅ እሱን እመርጣለሁ። ሰው ቢስቅብኝም አልተወውም።

ሲገዛ አንድ ጥያቄ አይረሳ። «20 ጌም ጭኜበታለሁ» የሚል ሻጭ ካገኛችሁ ጌሞቹ በማን አካውንት ናቸው? በሱ ከሆኑ ነገ ሊዘጋቸው ይችላል። ኢትዮጵያ የሶኒ የኦንላይን አገልግሎት ከሚሰጥባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ የለችም፤ አካውንት የሚከፈተው የሌላ አገር ስም እየተሰጠ ነው። ስለዚህ ጌሙን በዲስክ ግዙ።

ጂቲኤ 6ን አስባችሁም አትግዙት። ጌሙ የተነገረው ለፕሌይስቴሽን 5 እና ለኤክስቦክስ ሲሪስ ነው። ፕሌይስቴሽን 4 የለበትም። ፒሲም በመጀመሪያው ዝርዝር ውስጥ የለበትም፤ እኛ ደግሞ መጠበቅ ለምደናል።

ጌሙስ ከየት?

እዚህ ላይ ፒሲ ይመራል፣ ግን ከሁሉም ሱቅ አይደለም። ጂኦጂ (GOG) የተባለው የኢንተርኔት ሱቅ የሚሸጠው ጌም መጫኛ ፋይሉ የእናንተ ነው። ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀምጡት፤ ከዓመታት በኋላም ያለ ኢንተርኔት ይጫናል። ለእኛ ከዚህ የተሻለ ሱቅ የለም። ስቲም ምርጫው ሰፊ ነው፤ ከ14 ቀን በፊትና ከ2 ሰዓት በታች ተጫውታችሁ ካልወደዳችሁት ገንዘብ ይመልሳል። ያለ ኔትወርክም ይሠራል፣ አንዴ ከገባችሁ። ኤፒክ በየሳምንቱ ነፃ ጌም ይሰጣል፤ የባንክ ካርድ የሌለው ሰው ከዚያ ይጀምር።

ከስቲም ስትገዙ የምትገዙት ፈቃድ እንጂ ጌሙን አይደለም። ዩቢሶፍት በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. ዘ ክሩ የተባለውን የመኪና ጌም ሰርቨር ዘጋ፤ ከፍለው የገዙት ሁሉ ብቻቸውን እንኳ መጫወት አልቻሉም። በዚያው ዓመት ግንቦት ሶኒ ሄልዳይቨርስ 2ን አገልግሎቱ በሌለባቸው 177 አገሮችና ግዛቶች ከስቲም ሽያጭ አስወጣ። እንደኛ ያለ አገር ተጫዋች ማንም ሳያስበው ከጨዋታ የሚወጣው እንዲህ ነው። ሁልጊዜ ኦንላይን ካልሆነ የማይከፈት ጌም ላይ ብር አታውጡ።

መጠኑም ቀልድ አይደለም። ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2 150 ጊጋ ቦታ ይፈልጋል። ይህን ያህል ፋይል በሴኮንድ 10 ሜጋ ቢት ሳይቆራረጥ ቢወርድ 33 ሰዓት ነው። መላ አለ። ኮምቦልቻ ያለ ጓደኛችሁ ካወረደው የስቲም ፎልደሩን በሃርድ ዲስክ ገልብጡ። ጌሙን እናንተም ከገዛችሁት ስቲም ፋይሉን ፈትሾ የጎደለውን ብቻ ያወርዳል።

ዕቃውን ከአዲስ አበባ የምታስመጡ ከሆነ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው። ግራፊክስ ካርዱ ተነቅሎ ለብቻው ተጠቅልሎ ይምጣ፤ ከባድ ካርድ በመንገዱ መንገጫገጭ ማዘርቦርዱን ሊሰብር ይችላል። ደሴ ፒያሳ ላይ የምትገዙ ከሆነ ጂፒዩ-ዚን በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፣ አንድ ከባድ ጌም ግማሽ ሰዓት አስኪዱበት፣ ማራገቢያውን ስሙ። የመመለሻ ቀኑንም ደረሰኙ ላይ አስጽፉ።